ወረርሽኝ ያስተማረንን እንያዝ፤ ያስፈራንን እንተው

ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተዘጋጀ የጤና ትምህርት

መግቢያ

ወረርሽኝ ማለት ብዙ ሰዎችን ባንድ ጊዜ የሚይዝ፣ ካንዱ አገር ወደ ሌላው አገር ቶሎ የሚዛመት በሽታ ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ ሰውን ከማሳመሙና ከመግደሉ ሌላ አንድ ተጨማሪ ነገር ያደርጋል፤ ይኸውም የሰውን ልማድ ይለውጣል። ሰው እጁን የሚታጠብበት፣ ሰላምታ የሚሰጥበት፣ ልጁን የሚያሳክምበት ልማድ በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላ ይሆናል። በሽታው ካለፈ በኋላ ከነዚህ ልማዶች አንዳንዶቹ ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹም ይረሳሉ። የሚያሳዝነው ግን ጠቃሚው ልማድ ቶሎ ሲረሳ ጎጂው ልማድ ሥር ሰዶ መቅረቱ ነው።

በዚህ ትምህርት ከወረርሽኝ በኋላ የትኛውን ልማድ መያዝ፣ የትኛውንስ መተው እንደሚገባ እንመለከታለን። እናቶች ሆይ፣ ነገሩ የልጆቻችሁን ሕይወት የሚመለከት ስለ ሆነ በጥሞና አድምጡ።

ሀ. የኅዳር በሽታ የተወልን ልማድ

በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ብርቱ የኢንፍሉዌንዛ በሽታ ወደ አገራችንም ገብቶ ነበር። በኅዳር ወር ስለ በረታ አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ብለው ጠሩት። በአዲስ አበባ ከተማ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሞተ። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። በዚያን ጊዜ ሐኪም እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ በሽታውን የሚያመጣው ተሐዋሲ ምን እንደ ሆነም በዓለም ላይ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም።

ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቤታችንንና ደጃችንን ጠርገን ቆሻሻውን እናቃጥላለን። ይህ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ሲነገር ይኖራል። ደጅን መጥረግ መልካም ነገር ነው፤ ቆሻሻ ሲጠፋ ዝንብም አይጥም ይቀንሳል። ነገር ግን ሁለት ነገር ማወቅ ይገባል። አንደኛ፣ ኢንፍሉዌንዛ ከታመመ ሰው ትንፋሽና ሳል የሚተላለፍ በሽታ ስለ ሆነ የቆሻሻ ጢስ አያባርረውም። እንዲያውም የላስቲክ ጢስ ሳንባን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ዝንብን ለመከላከል የሚደረገው ጽዳት በዓመት አንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ መሆን አለበት።

ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ልማድ በክፉ ቀን ስለ ተጀመረ ብቻ ሁሉ ነገሩ ትክክል ነው እንደማይባል ነው። በምን መንገድ እንደሚጠብቀን ማወቅ ያስፈልጋል።

ለ. በ2012 ዓ.ም. የተለወጠው ነገር

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ታወቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ የማይጠግበው ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ መንሳት ጀመረ። በየበሩ የውሃ ጀሪካንና ሳሙና ቆመ። ለቅሶና ሠርግ በጥቂት ሰው ሆነ። ያስነጠሰ ሰው አፉን መሸፈን ለመደ።

ከነዚህ ብዙዎቹ መልካም ልማዶች ነበሩ። ከነሱ ጋር ግን ሌላ ልማድ ሳይታወቅ ገባ፤ ይኸውም ጤና ኬላንና ጤና ጣቢያን መፍራት ነው። «እዚያ በሽተኛ ይበዛል፤ ሄጄ በሽታ ከምሸምት ቤቴ ብቀመጥ ይሻላል» ያለ ብዙ ነው። ሕፃናት ክትባት አመለጣቸው፤ ነፍሰ ጡሮች ከክትትል ቀሩ፤ መድኃኒት የጀመሩ አቋረጡ።

አሁን ዙሪያችንን ብንመለከት፣ በበሩ የቆመው ጀሪካን ደርቋል ወይም ለሌላ ሥራ ተወስዷል። ፍርሃቱ ግን በብዙ ቤት አለ። መሆን የነበረበት የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሐ. ልንይዘው የሚገባ ልማድ፤ እጅን መታጠብ

እጅን በሳሙና መታጠብ ለኮሮና ብቻ የመጣ ነገር አይደለም። የሕፃናት ተቅማጥ፣ የአንጀት ተስቦ፣ የሆድ ትላትልና ኮሌራ በአብዛኛው በቆሸሸ እጅ፣ በቆሸሸ ውሃና ምግብ የሚተላለፉ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በባሌ የተነሣው ኮሌራ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቶ ብዙ ሰው አሳምሟል። በየበሩ የነበረው ሳሙናና ውሃ ለዚህም በሽታ ጋሻ ነው።

እጅ መታጠብ የሚያስፈልግባቸው ጊዜያት እነዚህ ናቸው፤

1. ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡ፤
2. የሕፃኑን ዓይነ ምድር ከጠረጉ በኋላ፤
3. ምግብ ከማዘጋጀት በፊት፤ ሊጥ ከማቡካትና ከመጋገርም በፊት፤
4. ከመብላትና ሕፃኑን ከማብላት ወይም ከማጥባት በፊት፤
5. በሽተኛ ካስታመሙ በኋላና ከብት ነክተው ሲመለሱ።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። እጅን በውሃ ማራስ፤ ሳሙና መቀባት፤ መዳፍን፣ የእጅን ጀርባ፣ በጣቶች መካከልና ከጥፍር ሥር ማሸት፤ በቀስታ እስከ 20 እየቆጠሩ መፈተግ፤ ከዚያ በሚወርድ ውሃ ማለቅለቅ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ባንድ ሳህን ውሃ እጁን እየነከረ ቢታጠብ ያንዱ ቆሻሻ ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ መታጠብ አይባልም።

«ውሃ የምናመጣው ከሩቅ ምንጭ ነው፤ ለመጠጥ እንኳ አይበቃንም» የምትሉ እናቶች አላችሁ። እንስራውን በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት ውሃ ቢያሳሳት አይፈረድባትም። ስለዚህ ውሃ የሚቆጥብ መታጠቢያ እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩ።

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ። ምስማር በእሳት አግላችሁ ከጠርሙሱ በታች በኩል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ቀዳዳውን በጣት ይዛችሁ ውሃ ሙሉና ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ። ክዳኑ ሲጠብቅ ውሃው አይወርድም፤ ክዳኑ ላላ ሲደረግ ግን በቀጭኑ ይወርዳል። ጠርሙሱን በገመድ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ እንጨት ላይ እሰሩት። ሌላ አንድ ጠርሙስ በማድ ቤቱ በር ስቀሉ። ሳሙናውን ቀዳዳ ባለው ጨርቅ ቋጥራችሁ አጠገቡ አንጠልጥሉት፤ እንዲህ ከሆነ ቁራም ልጅም አይወስደውም። ውሃው የሚወርድበት ቦታ ጭቃ እንዳይሆን ጠጠር አድርጉበት። በዚህ ዓይነት የሚታጠብ ሰው አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ይበቃዋል።

ጠርሙሱን የመሙላት ሥራ የእናት ብቻ አይሁን። ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ጧት ይሙላው፤ አባት ማታ ይመልከተው።

ከእጅ መታጠብ ሌላ ሁለት ልማዶችን መያዝ ይገባል። አንደኛው፣ ሲያስሉና ሲያስነጥሱ አፍንና አፍንጫን በክንድ እጥፋት ወይም በነጠላ ጫፍ መሸፈን ነው። ሁለተኛው፣ መስኮትና በር ከፍቶ ቤትን ማናፈስ ነው። በትንፋሽ የሚተላለፉ በሽታዎች ሁሉ አየር በማይገባበት ጠባብ ቤት ይበረታሉ። ለቅሶ ሲደረስ፣ ማኅበር ሲጠጣ፣ ቡና ሲፈላም ቢቻል በደጅ ወይም በዳስ መቀመጥ ይሻላል። ጠላው በአንድ ጣሳ ለብዙ ሰው አይዙር፤ ሲኒውም ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይታጠብ አይለፍ።

መ. ልንተወው የሚገባ ልማድ፤ ከሕክምና መሸሽ

ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ሰው ከሕክምና መሸሹ በኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ከ2014 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አፍሪካ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የኢቦላ በሽታ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ገድሏል። በነዚያ አገሮች ሰው ሐኪም ቤት መሄድን እጅግ ፈራ፤ ከጤና ሠራተኞችም ብዙዎቹ ሞቱ። በዚህ ምክንያት ኢቦላ ያልነካቸው ብዙ ሰዎች በወባ፣ በኩፍኝና በወሊድ ምክንያት ሞተዋል። መድኃኒቱ የታወቀ፣ ሊድኑ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ።

በኮሮናም ዘመን እንዲሁ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንዳስታወቁት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 23 ሚሊዮን ሕፃናት መደበኛ ክትባታቸውን ሳያገኙ ወይም ሳይጨርሱ ቀርተዋል። ይህም ካለፈው ዓመት በ3.7 ሚሊዮን የሚበልጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። ኮሮና በብርቱ የሚያጠቃው በአብዛኛው አረጋውያንንና ሌላ ሕመም ያለባቸውን ነው። በገጠራችን ሕፃናትን የሚነጥቁን ግን የቆዩት በሽታዎች ናቸው፤ የሳንባ ምች፣ ተቅማጥ፣ ኩፍኝ፣ ወባ። ስለዚህ ከአዲሱ በሽታ ልናድነው ብለን ሕፃኑን ከሕክምና ብናርቀው፣ በር ዘግተን ከአሮጌዎቹ በሽታዎች ጋር አብረን እንዘጋበታለን ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት የ9 ወር ሴት ልጅ አለቻት እንበል። የክትባት ቀን ደርሶ ልጇን ልታዝል ስትነሣ አማቷ ታያታለች።

«ልጄ፣ ወዴት ነው?»

«እማማ፣ ዛሬ የኩፍኝ ክትባቷ ነው፤ ጤና ኬላ ላድርሳት።»

«ተይ እባክሽ! እዚያ የሚያስለው ይበዛል። ልጂቱ ጤነኛ ናት፤ በጤናዋ ላይ በሽታ ልትጨምሪባት ነው?»

ይህን ያሉት ክፉ አስበው አይደለም፤ ለልጅ ልጃቸው ሳስተው ነው። ምራቲቱ ቃላቸውን አክብራ ብትቀርና ከሦስት ወር በኋላ ኩፍኝ መንደሩን ቢገባ ግን ልጂቱን ምን ይጠብቃታል? ኩፍኝ እጅግ ተላላፊ ነው። አንድ ታማሚ፣ ያልተከተቡ ሰዎች በበዙበት ቦታ፣ ከ12 እስከ 18 ለሚሆኑ ሰዎች ያስተላልፋል። ከኩፍኝ ቀጥሎ የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና የዓይን መጥፋት ሊመጣ ይችላል።

ምራቲቱ እንዲህ ብትመልስ ግን መልካም ነው፤ «እማማ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። በጧት ሄጄ ቶሎ እመለሳለሁ፤ ከሰው ራቅ ብዬ ደጅ እጠብቃለሁ። ኩፍኝ ከመጣ በኋላ ግን የት አደርሳታለሁ?» ለአማቷም ክብር ሰጠች፤ ለልጇም ጋሻ ሆነች።

ወረርሽኝ እያለም ቢሆን ጥንቃቄ ተደርጎ ክትባት መስጠት እንደሚቻል በአገራችን ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ ኮሮና በሚሰፋበት ጊዜ፣ ርቀት እየተጠበቀና አፍና አፍንጫ እየተሸፈነ ከ14 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ተደርጓል።

ሠ. ሳል ነውር አይደለም

በኮሮና ጊዜ ያሰለ ሰው በክፉ ዓይን ይታይ ነበር። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ሳሉን መደበቅ ለመደ። ይህም ብርቱ ጉዳት አለው፤ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ሳሉን ደብቆ ቤት በተቀመጠ ቁጥር ሚስቱንና ልጆቹን ያስይዛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሰለ ሰው ሁሉ አክታውን ማስመርመር ይገባዋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ድርጅት በነጻ ይሰጣል፤ በአብዛኛው በ6 ወር ያድናል። ነገር ግን «ተሻለኝ» ተብሎ መሐል ላይ መቋረጥ የለበትም። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እንዲሁ ወረርሽኝ ቢመጣም መድኃኒቱን አያቋርጥ። ጎረቤትም የሚያስለውን ሰው አይሽሽበት፤ «አብሬህ ልሂድ፣ እንመርመር» ይበለው።

ረ. ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ምልክቶች

በሕፃን ላይ፤

1. ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ሲያቅተው፤
2. የበላውን የጠጣውን ሁሉ ሲያስመልሰው፤
3. ሲያንቀጠቅጠው፣ ወይም ሲደነዝዝና አልነቃ ሲል፤
4. ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፤
5. ተቅማጡ ደም ሲኖረው፣ ወይም ዓይኑ ሲጎደጉድ፤
6. ሰውነቱ ሲያተኩስ፤ ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ከሆነ ማተኮስም ከልክ በላይ መቀዝቀዝም ያስጊያል።

ትንፋሽ የሚቆጠረው ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ልብሱ ገለጥ ተደርጎ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ በሰዓት ወይም በስልክ እየታየ ነው። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ይባላል። የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

በነፍሰ ጡርና በአራስ ላይ፤

1. ደም ሲፈስሳት፤
2. ብርቱ ራስ ምታት ሲይዛት፣ ዓይኗ ብዥ ሲል፣ ፊቷና እጇ ሲያብጥ፤
3. ሲያንቀጠቅጣት ወይም ሲያተኩሳት፤
4. ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውሃዋ ሲፈስስ፤
5. የፅንሱ እንቅስቃሴ ሲቀንስ ወይም ሲቆም።

እነዚህ ሲታዩ አምቡላንስ ይጠራ። መንገድ ከሌለ የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ ያዘጋጁ። ቤቷ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር መውለጃዋ ሳይደርስ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ብትቆይ ይሻላል።

ሰ. ሲሄዱ የሚደረግ ጥንቃቄ

ፍርሃትን የሚያርቀው ቤት መቅረት ሳይሆን ተጠንቅቆ መሄድ ነው። ሕፃኑን የሚያመጣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይበቃል፤ ጎረቤት ሁሉ አይከተል። ተራ የሚጠበቀው በተቻለ መጠን በደጅ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ እርስ በርስ ራቅ ተብሎ ይሁን። የሚያስል ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ለጤና ሠራተኛዋም አስቀድሞ ይንገራት። ሲመለሱ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። የክትባትና የክትትል ካርድ አይረሳ።

ሸ. ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፤ ኮሮና አልፏል ይባላል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን?

መልስ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የአደጋ ጊዜ ማብቃቱን አስታውቋል እንጂ በሽታው ፈጽሞ ጠፍቷል አላለም። ከዚህም ሌላ ተቅማጥና የሳንባ ምች አሁንም አሉ። እጅ መታጠብ ለነሱም ነው።

ጥያቄ፤ የልጄ ክትባት ቀኑ አልፏል፤ ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፤ ዛሬውኑ ይሂዱ። ያመለጠው ክትባት ካቆመበት ይቀጥላል፤ እንደ ገና ከመጀመሪያው አይጀመርም። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ሁለት ጊዜ እንደሚሰጥም አይርሱ።

ጥያቄ፤ ሳሙና ባይኖርስ?

መልስ፤ ንጹሕ አመድ ይፈተግበት። ውሃ ብቻውን ግን አይበቃም።

ጥያቄ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጠበልስ?

መልስ፤ ዝንጅብልና ማር በሙቅ ውሃ ለአዋቂ ጉሮሮ ያስታግሳል፤ የሳንባ ምችን ግን አያድንም። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ይጠመቅ፤ መድኃኒቱንም አብሮ ይውሰድ። ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ግን ከእናቱ ጡትና ከታዘዘለት መድኃኒት በቀር ምንም አይሰጥም።

ጥያቄ፤ ልጄን ተቅማጥ ቢይዘው ጤና ኬላ እስክደርስ ምን ላድርግ?

መልስ፤ ጡት ማጥባት አይቋረጥ። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ካለ አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ነው፤ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ጤና ኬላ ሲደርሱ የሚሰጠው የዚንክ ክኒን ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይወሰድ።

ማጠቃለያ

እናቶች ሆይ፣ በዚህ ትምህርት የተነገረውን በአጭሩ እናስታውስ።

በበራችሁ የደረቀውን ጠርሙስ እንደ ገና ሙሉ። ስታስሉ አፍን ሸፍኑ፤ ቤት አናፍሱ። የልጃችሁን ካርድ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ የጎደለ ክትባት ካለ በሚመጣው የክትባት ቀን ውሰዱት። የአደጋ ምልክት ስታዩ ወረርሽኝ አለ ብላችሁ ቤት አትቅሩ።

ወረርሽኝ አንድ ቀን ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ውሃው በበር፣ ክትባቱ በልጁ ሰውነት፣ የጤና ኬላውም መንገድ የተለመደ ሆኖ ቢያገኘን ጉዳቱ ያንሳል። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ።

ማንበብ የሚችል ልጅ ይህን ጽሑፍ ለእናቱና ለአያቱ ያንብብላቸው። አንብባችሁ ስትጨርሱም ለጎረቤት አስተላልፉት።